ዶሮና ድንች በአንድ ትሪ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ዶሮና ድንች በአንድ ትሪ የምጠብስበትን መንገድ ጽፌ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከሌሎችም የወሎ ከተሞች ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተቀምጬ እመልሳለሁ። ደሴ ውስጥ በምግብ ቤት 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የምናገረውም በእጄ ሠርቼ ያየሁትን ነው።

ጽሑፉ ላመለጣችሁ ባጭሩ ልድገመው። 1 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን የፈረንጅ ዶሮ ከነቆዳው በ8 ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ባልሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይታሻል፣ ከዚያም ሳይከደን በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያድራል። 1 ኪሎ ድንች ተልጦ በሁለት ጣት ውፍረት ይቆረጣል፤ 3 ራስ ሽንኩርት በአራት በአራት ይከፈላል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ይገባል። ኦቭኑ ባዶውን ትሪ እንደያዘ እስከ 200 ዲግሪ ይግላል። ድንቹ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ታሽቶ ብቻውን 15 ደቂቃ ይቀድማል፤ ከዚያ ሽንኩርቱ ይገባና ዶሮው ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ከላይ ተቀምጦ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። 10 ደቂቃ ሲቀረው በርበሬ፣ ኮረሪማና ትንሽ ንጥር ቅቤ ይጨመራል። ውሃ አይገባበትም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እትዬ፣ ሁሉንም እንዳሉት አድርጌ ድንቹ እንደ ቅቅል ሆነብኝ፤ የዶሮው ቆዳም ነጥቶ ቀረ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ዶሮሽ ረጥቦ ገብቷል፤ ወይም ትሪሽ ጠቧል፤ ምናልባትም ሁለቱም። ይህ ምግብ በወሎ ቤቶች ሁሉ የሚበላሸው በውሃ ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ ልግለጽ። ውሃ እናንተ ዘንድ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ እኛ ደሴ ከፍ ስለምንል በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የዶሮው ቆዳ ወይም የድንቹ ገጽ እርጥበት እስካለው ድረስ፣ ኦቭኑ 200 ቢልም ገጹ ከዚያ በላይ አይግልም። ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚመጡት ደግሞ ገጹ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ እርጥብ ዶሮ መጀመሪያ ራሱን ይቀቅላል፤ መጥበስ የሚጀምረውም ሥጋው ከነጣና ከደረቀ በኋላ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ የበዓል ማግሥት እንግዶች በር ላይ ደርሰው ስለነበር ሁለት ዶሮ በአንድ ትሪ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ኦቭኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ትሪው እስከ ግማሹ ውሃ አቁሯል፤ ድንቹም በውስጡ ይዋኛል። ፈሳሹን በጭልፋ ቀድቼ አወጣሁና ዶሮውን በሁለት ትሪ ከፍዬ መለስሁት፤ እራቱ ግን አንድ ሰዓት ዘገየ። ከዚያ ወዲህ በቁራጭና በቁራጭ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ሳልተው ትሪ ወደ እሳት አላስገባም። ዶሮውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቂው፤ ጨርቁን ወዲያው በፈላ ውሃ እጠቢው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ዶሮ ፈጽሞ አይታጠብም ይላሉ። እናቴ ደግሞ በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ ሳይታጠብ ድስት አይነካም ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እናትዎ የሚሉት ለዶሮ ወጥ የቆየ ወግ ነው፤ እኔም ለ12 ብልት ወጥ በሎሚና በጨው አጥባለሁ። ጠረኑን ያነሣል፤ በቤት የታረደ ዶሮ ደግሞ ላባና ደም ስለሚቀርበት ሳይታጠብ አይሆንም። ለዚህ ትሪ ግን ተቆራርጦና ታጥቦ የተሸጠ ዶሮ ከሆነ አድርቆ መጨው ብቻ ይበቃል። ካጠቡም በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይጠቡ፤ ከቧንቧ ሥር አይያዙት። ከዚያም ያድርቁት።

አስተያየት (ከሐይቅ)፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ ሳይታጠብ የቀረበ ዶሮ እኔ ቤት አይበላም። ሎሚው ጀርሙን ይገድላል፤ ይህን አያቶቻችን ያውቁት ነበር።

አስተያየት (ከደሴ፣ በጤና ሙያ የተሰማሩ አባል)፦ ሎሚና ጨው ለጥቂት ደቂቃ ሲነካው ጀርሙን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው እሳት ነው። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላል፤ ከቧንቧ ሥር ሲታጠብ ፍንጣቂው ሰላጣው ላይ፣ ማንኪያው ላይ፣ የልጆች ኩባያ ላይ ያርፋል። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

አስተያየት (ከሐይቅ)፦ እኛ ዶሮ ስናጥብ ኖረን ማን ታመመ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተሰምታችኋል። ማጠብ የሚፈልግ በሳህን ይጠብ፣ ማጠቢያውን በሳሙና ያጽዳ፣ ዶሮውን ያድርቅ። ወደ ትሪው እንመለስ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ አንድ ሳህን ስንት ካሎሪ አለው? ለሚቀንስ ሰው ይሆናል?

መልስ፦ ይህ ሙያዬ አይደለም፤ የሚያውቀውን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ የሀበሻ ዶሮ ነው ያለኝ። በዚሁ አሠራር ይሆናል?

መልስ፦ በዚሁ አሠራር አይሆንም፤ ስለጠየቁ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አብዛኛው ሰው ሳይጠይቅ ያስገባና ጥርሱን ይጎዳል። የፈረንጅ ዶሮ የሚታረደው ገና በጥቂት ሳምንቱ ስለሆነ ሥጋው ለስላሳ ነው። የእኛ ዶሮ ግን ሲሮጥ፣ ሲጭርና ቆጥ ላይ ሲወጣ የኖረ ስለሆነ እግሩ በጅማት የተያዘ ነው፤ ያ ጅማት የሚላላው በእርጥብ ሙቀት ረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው። በምላሹ የሚሰጠው ጣዕም ከፈረንጁ ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ ዕድሜውን ይወቁ። የደረቱን አጥንት ጫፍ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ እንደ ጆሮ ከተለመጠ ገና ቄብ ወይም ለጋ አውራ ነው፤ እንደ ድንጋይ ከገተረ አርጅቷል። ያረጀውን ለወጥ ይተዉት። ለጋውን ቆራርጠው ጨው ያሹት፣ በትሪው ላይ ከግማሽ ስኒ ውሃ ጋር ያድርጉት፣ በአሉሚኒየም ፎይል አጥብቀው ይክደኑትና በ160 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆዩት። ውሃ የምፈቅደው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። ደሴና ከዚያ በላይ ያላችሁ ውሃችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጊዜውን ወደ ላይኛው ወሰን አስጠጉት። ጭኑ በሹካ ሲነካ መላቀቅ ከጀመረ ዶሮውን ያውጡ፤ መረቁን በኩባያ ይገልብጡ፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ ገፈው ድንቹን በእርሱ ያሹት። ኦቭኑን ወደ 200 ከፍ ያድርጉ፣ ድንቹን 30 ደቂቃ ይጥበሱ፣ ከዚያ ዶሮውን በላዩ መልሰው 15 ደቂቃ ያቅሉት። መረቁ በገበታ ላይ በእንጀራ ወይም በድፎ ዳቦ ይጠቀሳል። በዚህ መንገድ የሠሩትን ዶሮ እንግዳ ሲበላ ዝም ይላል፤ እኔ ለዚያ ዝምታ ስል ነው የምሠራው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጣዕም አልወጣለትም። ምን ልጨምር?

መልስ፦ ምን አድርገሽ ምን ሆነ? ጨው ስንት ገባ? መቼ ገባ? አድሯል? ትሪው ስንት ቁራጭ ይይዛል? ይህን ሳትነግሪኝ መልስ የለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጎድለው ቅመም ሳይሆን ጨው ነው፤ ከመጠበሱ ጥቂት ደቂቃ በፊት የተነሰነሰ ጨው ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ አጥንቱ አይዘልቅም።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ድንቹን እኛው ነን የምናመርተው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሰው ስለ ዶሮው ይጨነቃል፤ ከትሪው ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ድንቹ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሲበስል የሚፈረፈር፣ ስታርቹ (ዱቄትነቱ) የበዛ ድንች ነው፤ የማይፈረፈረው ለሰላጣና ለወጥ ይሁን። ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጤ በየገበያው ስማቸው ይጠራል፤ ነገር ግን ስሙን ብቻ አትመኑ፤ መሬቱና የአጨዳው ጊዜም ይለውጠዋል። ፈትኑት። በ11 ስኒ ውሃ 1 ስኒ ጨው አሟሙና ድንቹን ጣሉበት፤ የሰመጠው ስታርቹ የበዛ ነው፤ ለትሪ ይሆናል። የተንሳፈፈውን ለወጥ አስቀሩት።

ከቆረጣችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ያለውን ነጭ ስታርች አስለቅቁ፤ ካልሆነ ከትሪው ጋር ይጣበቃል። ከዚያም ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ድርቀት ስል አሁንም ስለ ውሃ ነው የማወራው። ድንቹ የጋለውን ትሪ ሲነካ ቿ ማለት አለበት፤ ድምፅ ከሌለ ትሪው አልጋለም፤ አውጡትና ጠብቁ። አንዱን ገጽ ወርቅማ ቡናማ እስኪሆን ሳትነኩት ተዉት፤ ሲበስል ራሱ ከብረቱ ይላቀቃል። በየአምስት ደቂቃው የሚያገላብጥ ሰው ቅርፊቱን ትሪው ላይ ይተዋል።

ድንች ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስቀምጡ። ብርድ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። ጨለማና አየር ያለበት ቦታ ይሻላል፤ ብርሃን ያየው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ የሆነው ሶላኒን የሚባል መርዝ ማከማቸቱን ስለሚያመለክት አረንጓዴውን በጥልቀት ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የመረረውን ሙሉ በሙሉ ጣሉት፤ መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም። ሎሚ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይጨመቅ፤ ቀድሞ ድንቹ ላይ ከወደቀ ኮምጣጣነቱ ድንቹ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በርበሬውን ከመጀመሪያው ከጨው ጋር ባሽ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ የቆየ በርበሬ ይከስልና ይመራል፤ 10 ደቂቃ ሲቀር ከንጥር ቅቤው ጋር በጥብጣችሁ ቀቡት። ቀድሞ መግባት የሚችሉት ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ጥቂት እርድ ናቸው።

ጥያቄ (ከውጫሌ)፦ ኦቭን የለኝም፤ መብራትም ይጠፋል።

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ፣ ድፎ ዳቦ ያለ ኦቭን እንደሚጋገር አትርሺ። ወፍራም ብረት ድስት በከሰል ምድጃ ላይ አግዪ፤ ድንቹን በዘይት አስቀምጪ፤ ዶሮውን ቆዳው ወደ ታች አድርገሽ ጥበሺና ገልብጪው፤ ክዳኑ ብረት ከሆነ የተወሰነ ፍም በላዩ አድርጊበት። ከላይ ያለው እሳት ከታቹ መብለጥ አለበት። ክዳኑን ከመጨረሻው 15 ደቂቃ በፊት አንሥተሽ እንፋሎቱን አስወጪ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)፦ እንግዶቼ ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። አንድ ትሪ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይህን ወሎ ላይ ማንም እናት ያስተምርሻል፤ እርዱም ትሪውም ለየብቻ ይሁን፤ ማንኪያው እንዳይቀላቀል። አሠራሩ አንድ ነው።

አስተያየት (ከሐይቅ)፦ ከዚያ ሁሉ ከሐይቃችን ዓሣ ቢሆን ሁሉም አብሮ ይበላው ነበር።

አስተያየት (ከወልድያ)፦ በጾም ቀን ከሆነስ? ዓሣ ለጾም ይሆናል?

መልስ፦ ስለ ጾሙ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። ዓሣ ከድንቹ ጋር እኩል ስለማይበስል ድንቹ ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚገባው፤ ለዝርዝሩ ሌላ ቀን እመለሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እኛ ዶሮ ከነቆዳው አንበላም። ቢገፈፍስ?

መልስ፦ ይገፈፍ፤ ድንቹ ግን ስቡን ስለሚያጣ ዘይቱን በ2 ማንኪያ ጨምሩ፤ ፈረሰኛውንና ደረቱን ደግሞ ከጭኑ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡ፤ አለዚያ እንደ ቋንጣ ይደርቃሉ።

ጥያቄ (ከመካነ ሰላም)፦ መብሰሉን በምን አውቃለሁ? አጥንቱ አጠገብ ቀይ ነገር አይቼ ደንግጬ ጣልሁት።

መልስ፦ መጣል አልነበረብዎትም፤ መመለስ ነበር። በለጋ ዶሮ ላይ ከአጥንቱ መቅኔ የሚወጣው ቀለም ሥጋው ከበሰለም በኋላ አጥንቱ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል ቀለሙን ብቻ አይመልከቱ። ቴርሞሜትር ካለዎት በጭኑ ወፍራም ቦታ አጥንቱን ሳይነካ ይሰኩት፤ 74 ዲግሪ ከደረሰ ለጤና ይበቃል፤ ጭን ግን እስከ 80 እና 85 ሲዘልቅ ይበልጥ ይለሰልሳል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ጭኑን በቢላዋ ጫፍ ይውጉት፤ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ፣ እግሩም ሲወዘወዝ ከመገጣጠሚያው የሚላላ መሆን አለበት። ከዚያ 10 ደቂቃ ሳይከድኑ ያሳርፉት፤ ከከደኑት ቆዳው በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስገቡ፤ በማግሥቱ ትሪው ላይ ዘርግተው ያለ ክዳን በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያሙቁት።