«የልጅዎ ታይሮይድ ትንሽ አንሷል» ለተባሉ ወላጆች፦ ጥያቄና መልስ

ከወሎ የደረሱኝ የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ታይሮይድ ናቸው። ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን የልጅን ቁመት፣ የአእምሮ ዕድገትና የሰውነት ሙቀት ስለሚመራ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ለትንሽ የላቦራቶሪ ለውጥ ክኒን ለማስጀመር የሚቸኩሉም፣ ሀኪም ሊያየው የሚገባን ልጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው ቤት የሚያስቀምጡም ወላጆች አይቻለሁ። ሁለቱም ያሳስቡኛል።

«የ9 ዓመት ወንድ ልጄን የሆድ ድርቀት ስላስቸገረው አስመረመርሁት። ቲኤስኤች 6.8፣ ቲ4 ግን ደህና ነው አሉኝ። ጎረቤቶቼ "ትምህርት አይገባውም፣ ዕድሜ ልኩንም ክኒን ሊውጥ ነው" ይሉኛል። ምን ላድርግ?» (እናት፣ ከደሴ)

እህቴ፣ ቲኤስኤች ታይሮይድ የሚሠራው ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ» እያለ የሚልክበት ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይበረታል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ቲ4 ደግሞ የሥራው ውጤት ነው። የልጅዎ ቲ4 ደህና ከሆነ ትእዛዙ ጠንከር ቢልም ሥራው እየተሠራ ነው ማለት ነው። ቲኤስኤች ከ10 በታች፣ ቲ4 ደህና ከሆነላቸው ልጆች አብዛኞቹ ያለ መድኃኒት ወደ ጤነኛው መጠን ይመለሳሉ፤ አለዚያም ባሉበት ይቆያሉ። ከሕመም በማገገም ላይ ያለ ልጅም ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ሊልበት ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልጅዎ ይህን የሚወስድ ከሆነ ለሀኪሙ ይንገሩ።

ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይተው ምርመራውን ያስደግሙ። ያን ጊዜ የፀረ ታይሮይድ አካላት ምርመራም እንዲታከል ይጠይቁ። እነዚህ ከተገኙ የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ እየተዋጋ ነው ማለት ነው፤ ሐሺሞቶ ይባላል። እንዲህ ያለው ልጅ ዛሬ ደህና ቢሆንም ዕጢው ወደፊት ሊዳከም ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

ከሁሉም በላይ ግን ቁመቱን ያስለኩ። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ በመሆኑ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት ወደ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የታይሮይድ ሆርሞን በእርግጥ ሲያንስ ከሌላው ምልክት ሁሉ ቀድሞ የቁመት ዕድገት ሊገታ ይችላል፤ ልጁ ግን ይበላል፣ ይጫወታል፣ ማንም አይጠረጥርም። አምና ልክ የሆነው ሱሪ ዘንድሮም ካላጠረ፣ ታናሽ እህቱ ቁመቱን ከደረሰችበት፣ ይህ ከአንድ ወረቀት ቁጥር ይበልጥ ይናገራል። በጤና ጣቢያ ቁመቱን በየ6 ወሩ አስለክተው ቀኑንና መጠኑን በደብተር ይጻፉ። በአንጻሩ «ይበርደዋል፣ ይደክመዋል» የሚለውን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም፤ በክረምት ደሴ የማይበርደው የለም።

ስለ ትምህርቱ፦ ቲ4 ደህና በሆነበት በዚህ መጠን ያለ ለውጥ ለትምህርት የደረሰን ልጅ አእምሮ እንደሚያደክም አሳማኝ ማስረጃ የለም። ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ሆርሞኑ ያነሰው ሕፃን ጉዳይ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ለእርሱ እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው፣ ሕክምናው ወዲያው መጀመር አለበት። ልጅዎን ክኒን ሊያስጀምረው የሚችለው ቲኤስኤች በድጋሚ ምርመራ ከ10 በላይ መሆኑ፣ ቲ4 መውረዱ፣ ወይም ዕድገቱ መዘግየቱ ነው። እስከዚያው ለድርቀቱ ውኃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይስጡት።

«የ13 ዓመት ልጄ አንገቷ አበጥ ብሏል። ሽማግሌዎች የውኃው ነው ይላሉ። ጎመን ከልክሏት የሚሉም አሉ።» (አባት፣ ከደላንታ)

ወንድሜ፣ እንቅርት በደጋው አገር ከጥንት የኖረ ችግር ነው። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው አዮዲን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከተራራማው አፈር ጠርጎ ስለሚወስደው እህሉም ውኃውም አዮዲን ያንሰዋል፤ ሽማግሌዎቹ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። መፍትሔው ጨው ነው። አገራችን በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዳለች። ቢሆንም ከአፋር መጥቶ በየገበያው በጆንያ የሚሰፈረው ጨው ሁሉ አዮዲን አለው ማለት አይደለም። የታሸገና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ይግዙ፤ በክዳን ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ላይ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል ይሁን። ጎመን በስሎ ከተበላና አዮዲን ካልጎደለ አይጎዳም፤ አይከልክሏት።

ይሁን እንጂ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ እንቅርት ከሐሺሞቶም ሊመጣ ይችላል፤ ከወንዶች ይልቅ ልጃገረዶችን ያጠቃል። ሀኪም አንገቷን ዳሶ፣ ቲኤስኤችና ቲ4 ይመርምርላት። እብጠቱ ጠጣር ከሆነ፣ ቶሎ ካደገ፣ ድምጿን ካጎረነነው ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገራት ቀን አይቁጠሩ፣ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

«16 ዓመቴ ነው። ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ረመዳን ሲገባ እንዴት ላድርግ? የደም ማነስ ስላለብኝ የብረት ክኒንም ታዞልኛል።» (ተማሪ፣ ከባቲ)

ልጄ፣ አስቀድመሽ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ሀኪምሽ ጾሙን ከፈቀደልሽ ለሱሑር እንደተነሣሽ ክኒኑን በውኃ ብቻ ዋጪ፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ብዪ። የብረቱን ክኒን በኢፍጥር ጊዜ አድርጊው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተወሰዱ ብረቱ ሌቮታይሮክሲኑን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ በመካከላቸው 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ካልሲየምም እንደዚሁ ነው። ቡናም መድኃኒቱን ስለሚቀንሰው አቦሉ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅሽ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ልጆች ደግሞ ከእራት 3 ሰዓት ቆይተው ማታ ሊወስዱት ይችላሉ።

አንድ ቀን ቢረሳሽ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ በዚያው ቀን ባስታወስሽበት ሰዓት ውሰጂው። ባቲ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ ከነማሸጊያው ጥላ ባለበት ቦታ አስቀምጪው።

«ልጄ ወፍሯል፤ ቲኤስኤች 5.9 ነው። ክኒኑ ያከሳው ይሆን?» (አባት፣ ከወልዲያ)

አያከሳውም። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ራሱ ነው ቲኤስኤችን ትንሽ ከፍ የሚያደርገው፤ ክብደቱ ሲቀንስ ቁጥሩም ይወርዳል። ያለ አስፈላጊነት የተሰጠ ሆርሞን ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ለስላሳ መጠጡን ይቀንሱለት፣ ኳሱን ይፍቀዱለት።

«ልጄ ክኒን ከጀመረች 2 ዓመት ሆናት፤ አሁን ምንም አይላት። ጠበልም እየተጠመቀች ነውና ላስቁማት?» (እናት፣ ከሐይቅ)

እናቴ፣ ጠበሉንም ክኒኑንም ትያዝ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ምንም ያላላት ክኒኑ ስለሚሠራ ሊሆን ይችላል። ስታቆም ምልክቱ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ስለሆነ በሳምንቱ «ደህና ናት» ብሎ መደምደም ያሳስታል።

ቢሆንም የማቆም ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ክኒኑን የጀመረችው በመጠነኛ ለውጥ ከነበረና ፀረ ታይሮይድ አካላት ካልተገኙባት ሀኪሙ መጠኑን ቀንሶ ወይም አቁሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ደሟን በመመርመር ሊሞክር ይችላል። ሐሺሞቶ ኖሮባት ቲ4 ወርዶ ከነበረ ግን ለረጅም ጊዜ ያስፈልጋት ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተሠራውን የመጀመሪያ ውጤት ፈልገው ይዘው ይሂዱ፤ ሀኪሙ የሚወስነው በእሱ ነው።