የኃይል ኩባንያ ጭሱን እንዴት ይቆጥራል? ጥያቄና መልስ

ሰሜን አውሮፓ ውስጥ መብራትና የቤት ማሞቂያ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ነው የምሠራው። ሥራዬ በዓመት ምን ያህል በካይ ጋዝ እንዳወጣን መቁጠር ነው፤ የካርቦን አሻራ የሚባለው ይህ ድምር ነው። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚነበብ ስለማጣ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። የመጡት እነሆ።

ጥያቄ፦ የካርቦን አሻራ ሲባል ሰው ጭስ ማውጫው ላይ ወጥቶ ይለካል ማለት ነው?

አንዳንድ ቦታ ጭስ ማውጫው ላይ ሌት ተቀን የሚለካ መሣሪያ ይተከላል፤ አሜሪካ ያሉ ትልልቅ የከሰል ማመንጫዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። አውሮፓ ውስጥ ግን አብዛኛው በስሌት ነው። ነዳጁ ይመዘናል፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ከዚያ ማባዛት ነው። ከሰሉ ውስጥ ያለው ካርቦን አመድ ላይ ከምትቀረው ጥቂት በቀር ሌላ መሄጃ የለውም፤ በጭሱ ይወጣል። 12 ኪሎ ካርቦን ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ጭማሪው ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው።

ሰው የሚሳሳተው መለኪያ አሃድ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ማሞቂያ ጣቢያ ልቀት ከወትሮው ወደ 10 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ አገኘሁትና ሳምንት ሙሉ መንስኤውን ስፈልግ ከረምኩ። የጋዝ ቆጣሪው የሚመዘግበው በእንፋሎት የሚሄደውን ሙቀት ጨምሮ ነው፤ እኔ የተጠቀምኩበት ማባዣ (ነዳጁን ወደ ጋዝ መጠን የሚቀይረው ቁጥር) ደግሞ ያንን ሙቀት ቀንሶ ለሚሠራ ስሌት የተዘጋጀ ነበር። ቆጣሪውም ልክ ነበር፣ ማባዣውም ልክ ነበር፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው አሃዱን ነው።

ጥያቄ፦ ስኮፕ 1፣ 2፣ 3 ይሉናል። በቀላሉ ቢያስረዱን?

እንጀራ እየጋገራችሁ እንደሆነ አስቡ። በማገዶ ከጋገራችሁ ጭሱ እዚያው ጓዳችሁ ነው፤ ስኮፕ 1 ይባላል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ጭስ ካለም ማመንጫው ዘንድ ነው፤ ስኮፕ 2። ጤፉ ሲመረት፣ ሲፈጭ፣ በመኪና ሲመጣ የወጣው ስኮፕ 3 ውስጥ ይገባል። እንጀራውን ለገበያ የምታቀርቡ ከሆነ ከሸጣችሁት በኋላ ያለውም እዚያው ነው።

አከፋፈሉ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ከሚባለው መመሪያ የመጣ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ2001 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን በ2004 ተሻሻለ፤ የስኮፕ 3 ደንብ በ2011 ተጨመረ። ስኮፕ 3 ውስጥ 15 ክፍሎች አሉ፤ 11ኛው የሸጥከው ዕቃ ገዢው ሲጠቀምበት የሚያወጣው ነው። ዘይትና ጋዝ ለሚሸጥ ኩባንያ ትልቁ ቁጥር ያለው እዚህ ነው፤ ቤንዚኑ የሚቃጠለው በደንበኛው መኪና ውስጥ ነውና። ስለዚህ አንድ የዘይት ኩባንያ «ከሥራችን የሚወጣውን ልቀት ዜሮ እናደርጋለን» ሲል የምሰማው ስለ ስኮፕ 1 እና 2 ብቻ እንደሆነ ነው። ፓምፑን በፀሐይ ኃይል አንቀሳቅሶ ያንኑ ዘይት መሸጥ ይቻላል።

ጥያቄ፦ እውነት የቀነሰ ኩባንያ አለ? ወይስ ሁሉም ወረቀት ነው?

አለ። እኔ ደጋግሜ የማነሳው የዴንማርኩን ኦርስተድ ነው። በ2006 ስድስት የአገሪቱ የኃይል ድርጅቶች ተዋህደው ሲመሠረት ስሙ ዶንግ ኢነርጂ ነበር፤ በብዛት ከሰልና ጋዝ ያቃጥል ነበር። ያን ጊዜ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 462 ግራም ያወጣ ነበር። የ2023 ሪፖርቱ 38 ግራም ይላል። ይህ የመጣው የከሰል ማመንጫዎቹን አንዳንዱን ዘግቶ፣ አንዳንዱን ወደ እንጨት ቀይሮ፣ ባሕር ላይ ደግሞ የነፋስ ተርባይን ተክሎ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ የዴንማርክ መንግሥት ማመንጫዎቹን ለጊዜው እንዲያቆይ አዘዘው፤ የመጨረሻው የከሰል ማመንጫው፣ ኤስቢየር ያለው፣ የተዘጋው በነሐሴ 2024 ነው።

በ2017 ግን ሌላም ነገር አድርጓል፤ የዘይትና ጋዝ ክፍሉን ኢኒዮስ ለሚባል የኬሚካል ኩባንያ ሸጠ። ይህን ከከሰሉ ለይታችሁ እዩልኝ። ማመንጫ ሲዘጋ ጭሱ ይቆማል። የጋዝ ጉድጓድ ሲሸጥ የሚለወጠው የባለቤቱ ስም ነው፤ ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። ፕሮቶኮሉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፦ ትልቅ ክፍል የሸጠ ድርጅት የመነሻ ዓመቱንም (ቅነሳው የሚነጻጸርበትን ዓመት) ቁጥር ያንን ክፍል አውጥቶ እንደገና ማስላት አለበት፣ ሽያጩ እንደ ቅነሳ እንዳይቆጠር። የየትኛውንም ኩባንያ ሪፖርት ስታነቡ መጀመሪያ የመነሻ ዓመቱ መታረም አለመታረሙን ፈልጉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ችኮ ነኝ፤ በኪሎ ዋት ሰዓት የሚነገረው ብቻውን ሳይሆን ጠቅላላው ቶንም ይነገረኝ እላለሁ።

ጥያቄ፦ እንጨት ማቃጠልስ እንዴት ንጹሕ ይባላል? እኛ አገር ደን ያለቀው በማገዶ አይደል?

ልክ ነህ፣ ጥያቄህ የብዙ ሳይንቲስቶችም ጥያቄ ነው። በደንቡ መሠረት ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠራል፣ ነገር ግን ከሦስቱ ስኮፖች ውጭ ለብቻው ይጻፋል፤ ዛፉ ተመልሶ ሲያድግ ይስበዋል ተብሎ። ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት ከሆነ እቀበለዋለሁ። ለዚሁ ተብሎ የቆመ ዛፍ ከተቆረጠ ግን ተመልሶ እስኪያድግ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፣ ጋዙ ደግሞ ዛሬውኑ ነው ሰማይ ላይ ያለው።

ጥያቄ፦ የእኛ መብራት ከግድብ ነው። ዜሮ ነው ማለት ነው?

ዜሮ አይደለም፤ ከከሰል ጋር ግን አይወዳደርም፣ ከሰል ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ያወጣል። ውሃ የዋጠው ዛፍና ሣር ኦክስጅን በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ይሆናል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል፣ በ20 ዓመት ስሌት ከ80 እጥፍ በላይ። በመጥፎነቱ የሚጠቀሰው ብራዚል አማዞን ውስጥ ያለው ባልቢና ነው፦ 250 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ከ2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አብዛኛው ደን የነበረ መሬት፣ በውሃ ተዋጠ። ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 0.1 ሜጋ ዋት መሆኑ ነው። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ሐይቁ ሲሞላ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ሲካፈል 2.7 ይመጣል።

የተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ደንብ ይህንኑ ሂሳብ ማጣሪያ አድርጎት ነበር፤ ከ10 በላይ የሆነ ግድብ ልቀቱ እንደ ዜሮ ይቆጠርለታል፣ ከ4 በታች የሆነ ግን ተቀባይነት የለውም። 2.7 መሆኑ ግድባችን ብዙ ያወጣል ማለት አይደለም። ይለካ ማለት ነው። መለኪያው ደግሞ ውድ አይደለም፦ የተገለበጠ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ፈነል ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ከታች የሚመጣውን አረፋ ይይዛል፣ የተያዘው ጋዝ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ተማሪዎቻችን ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ የማከፋፈያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነኝ። እኔ ጋ ጭስ የለም። ምን ይመለከተኛል?

ወንድሜ፣ አንተን በጣም ይመለከትሃል። በብሬከሮቹ (የከፍተኛ ኃይል መስመር በሚያቋርጡት መሣሪያዎች) ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ኤስኤፍ 6፣ አንድ ኪሎው ከ23,500 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። ሁለት ኪሎ ከሾለከ ከ17,000 ሊትር በላይ ናፍጣ እንደማቃጠል ነው። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ የሾለከው መጠን ለመዝገብ የሚያዘው በሚዛን ነው። ሲሊንደሩን ከመሙላትህ በፊት መዝነው፣ ከሞላህ በኋላ መዝነው፤ ጋዝ ጎድሎት ለነበረው ብሬከር የጨመርከው ያህል አየር ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ሳትመዝን ከሞላህ የሾለከው ከመዝገብ ጠፋ።

ጥያቄ፦ መብራት ከንጹሕ ምንጭ መመንጨቱን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ገዝቶ «ንጹሕ መብራት ነው የምጠቀመው» ማለት ይቻላል?

ይቻላል፣ ደንቡ ይፈቅዳል። አይስላንድን ተመልከቱ፤ መብራቷ ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ከውሃና ከከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። ምስክር ወረቀቱን ለሌላ አገር ስለምትሸጥ ግን በወረቀት ሲታይ ከሰልና ኑክሌር የምትጠቀም ሆና ትገኛለች። ለዚህ ነው ስኮፕ 2 በሁለት መንገድ፣ በአካባቢው መስመርና በተገዛው ወረቀት፣ ጎን ለጎን እንዲጻፍ የሚጠየቀው። አንዱን ብቻ የሚያሳያችሁን ሌላውንም አምጣ በሉት።

ጥያቄ፦ ምርት ወደ አውሮፓ እንልካለን። ገዢያችን የካርቦን አሻራ አምጡ አለን። ከየት ልጀምር?

ከጀነሬተሩ ጀምሪ እህቴ። የዓመቱን የናፍጣ ደረሰኝ ሰብስቢ፣ ሊትሩን ደምሪ፣ በ2.7 አባዢ፤ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጥሻል። 1,000 ሊትር 2.7 ቶን ነው። የመኪኖቹንም ናፍጣ በዚሁ መንገድ፣ ለብቻው ደምሪው። ከዚያ የመብራት ቢሉን በብር ሳይሆን በኪሎ ዋት ሰዓት ጻፊው፤ ገዢው የሚፈልገው ያንን ነው። የማቀዝቀዣ ክፍል ካላችሁ ባለሙያው ስንት ኪሎ ጋዝ እንደጨመረ ጠይቂና መዝግቢ። ቁጥሮቹን ስታገኚ ላኪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።