አረፋው ይቆይ፣ መጀመሪያ ኖዝሉን ይዩት

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ ዳር ጥቅል ጎመንና ቆስጣ የማመርት ነኝ። በማኅበር 12 ሰዎች ነን። ሰሞኑን ልጄ «ናኖ አረፋ» የሚባል ማሽን በስልኩ አሳየኝ። ከማሽኑ በሚወጣው ውሃ መድኃኒቱን ከበጠበጡት ግማሹ ይበቃል፣ አካባቢም አይጎዳም ይላል። የኛ ማሳ ከሰው ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው። በረጨን ቁጥር ጎረቤት መስኮት ይዘጋል፣ ይቆጣል። አዋጥተን እንግዛው ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ያሳየዎት ነገር ተረት አይደለም። ግን ማሽኑ የሚፈታው ችግርና የእርስዎ ችግር አንድ መሆኑን መጀመሪያ እንይ።

ለስላሳ ሲከፈት የሚወጣው አረፋ በዓይን ይታያል። ሽቅብ ይሮጣል፣ ይፈነዳል፣ አለቀ። ናኖ አረፋ ሌላ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የእነዚህ አረፋዎች ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ናኖ ሜትር በታች ነው። አራት መቶ ያህሉን ጎን ለጎን ቢደረድሯቸው የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሞሉ ነው። ከማነሳቸው የተነሳ ሽቅብ መውጣት ያቅታቸዋል። ሁሉም ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ እንጂ አይዋሃዱም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ለቀናት ይቆያሉ።

ይኼ ለመርጨት ምን ያደርጋል? የጥቅል ጎመን ቅጠል ሰም አለው። ውሃ ጠብ ሲልበት እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል። መድኃኒቱም አብሮት መሬት ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወንዝ። የማሽኑ ሐሳብ ውሃው እንዳይንከባለል፣ ቅጠሉ ላይ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። የሚባክነው ካነሰ የሚበጠበጠውም ያንሳል ነው ነገሩ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ይሁንና ናኖ አረፋ እስካሁን ይበልጥ ሥር የያዘው በመርጨት ሳይሆን፣ በግሪን ሃውስ መስኖ ውሃ ላይ ለሥሩ ኦክስጅን በመጨመርና ኩሬ በማጽዳት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። መስኮቱን የሚያዘጋው ከቅጠል የተንከባለለው መድኃኒት አይደለም። በነፋስ የሄደው ነው። ናኖ አረፋ ደግሞ ነፋስ አያቆምም። ነፋስ የሚወስደው ደቃቁን ጠብታ ነው። ስፋቷ 400 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነች አንድ ጠብታ ብትሰባበር 100 ማይክሮን የሆኑ 64 ጠብታዎች ይወጧታል። ትልቋ ቶሎ ትወርዳለች። ስድሳ አራቱ እንደ ጭጋግ ተንሳፍፈው አጥር ይሻገራሉ። ፓምፑን ከልክ በላይ ሲገፉት የሚሆነው ይኼው ነው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ጠብታው ይደቃል። ረጪዎቻችን ጭጋግ ሲያዩ «ጥሩ ረጨሁ» ይላሉ። ጭጋግ ማለት እኮ ጎረቤት ቤት የሚገባው ነው።

የኖዝሉ፣ ማለትም መርጫው ጫፍ ላይ ያለችው መድኃኒቱ የሚወጣባት ቀዳዳ ጉዳይ ደግሞ ያናድደኛል። በሄድኩበት ማሳ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ኖዝል ሲደፈን በሽቦ ይወጋል። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ይጣመማል። ከዚያ አንዱ ጎመን ይታጠባል፣ አጠገቡ ያለው ጠብታ አይነካውም። እባክዎ ሽቦውን ይጣሉት፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውሃ ያጽዱት። አዲስ ኖዝል ገዝተው ከአሮጌው ጋር ያወዳድሩ። በንጹሕ ውሃ፣ በእኩል ግፊት፣ ለአንድ ደቂቃ እየረጩ በመስፈሪያ ይቀበሉ። አዲሱ 600 ሚሊ ሊትር ከሰጠና አሮጌው ከ660 ካለፈ፣ አሮጌው አብቅቶለታል። ለ12 ሰው ኖዝል መቀየር ከማሽኑ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ሰዓቱም አለ። በበጋ አዲስ አበባ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጨርሱ። የመርጫውን ጫፍ ወደ ሰብሉ ዝቅ አድርጉት። ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ፈሳሽ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ የሚደበቀው ከቅጠሉ ሥር ነው፣ ከላይ ብቻ መርጨት ዋጋ የለውም።

«ግማሹ ይበቃል» የሚለው ቃል ግን አስፈርቶኛል። ዝም ብሎ መጠን መቀነስ አደገኛ ነው። ደካማው ተባይ ይሞታል፣ ጠንካራው ተርፎ ይራባል። ዳይመንድ ባክ የሚባለው የጎመን ተባይ በዚህ የታወቀ ነው። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ላይ ዲዲቲ የሚባለውን ፀረ ተባይ መቋቋሙ የተዘገበው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ማሽን ኖረም አልኖረ፣ መጠኑ መለያው ላይ የተጻፈው ነው።

ሻጭ ከመጣ እንዲህ ይፈትኑት። መጀመሪያ ውሃውን በብርጭቆ ይዩት። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ከጠራ፣ ያዩት ተለቅ ያለ አረፋ ነው፤ ናኖ አረፋ ያለበት ውሃ በዓይን ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ አንድ የጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ ሦስት ጠብታ ያድርጉ፦ ተራ ውሃ፣ የማሽኑ ውሃ፣ እና በሊትር 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ። የሳሙናው ይዘረጋል፣ ያንን ያያሉ። የማሽኑ ጠብታ እንደ ተራው ውሃ ዶቃ ሆኖ ከቆመ፣ ብሩን ኪስዎ ይመልሱት። ከተዘረጋም አይቸኩሉ። ማሽኑ መብራትና ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። የቀበናን ድፍርስ ውሃ ቢያስገቡበት ማጣሪያው ይደፈናል። በወንዙ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረትም (እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ብረት) አረፋ አያወጣውም።

ለክሽክሽ ያ የሳሙና ውሃ ራሱ ይሠራል። ለ16 ሊትሩ ፓምፕ 160 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ፈሳሹንም ቢሆን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ነፍሳቱን ራሳቸውን ካላገኛቸው አይገድልም፣ ስለዚህ ከቅጠሉ ሥር ይድረስ። በየሁለት ቀኑ አይደጋግሙት፤ ሰሙን ያጥበዋል። ከሌላ መድኃኒት ጋርም አይቀላቅሉት።

ከአጥሩ ጎን ያሉትን ሁለት መስመሮች ለሳሙናው ብቻ ይተዉአቸው፣ ኬሚካል አይድረስባቸው። ሌላውን ማሳ የሚረጩ ቀን ደግሞ ከዋዜማው የጎረቤቱን በር አንኳኩተው «ነገ ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የምንረጨው» ይበሉት። መስኮቱን መዝጋቱ አይቀርም፣ ግን አይቆጣም።