ጥፍሩን ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በቅርቡ አንድ የደሴ ተማሪ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያገኘውን ጥቁር፣ ጠማማ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝና የዳይኖሰር ጥፍር እንደሆነ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በሥነ ምድር ሙያ ያሳለፍኩ ነኝና እውነቱን ነገርኩት። የአካባቢያችን ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ዳይኖሰሮች ግን ከወፎች ወገን በቀር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። ቅር ቢለውም መጠየቁ ደስ አሰኝቶኛል።

እውነተኛው ጥፍር ብርቅ ነው፤ የትንንሽ አዳኞች አጥንት ስስና ውስጡ ክፍት በመሆኑ ደለል ሳይሸፍነው ይሰባበራል። የሚተርፈውም አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ አጥንት ብቻ ነው። የበሬ ቀንድ ለዋንጫ ሲዘጋጅ ልባሱ ከውስጠኛው አጥንት ተላቆ ሲወጣ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ በሕይወት ሳለ ጥፍሩ ዛሬ ከምናየው ይረዝምና ይስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1923 በሞንጎሊያ ጎቢ በረሃ የአንድ ትንሽ አዳኝ የራስ ቅልና ማጭድ የመሰለ አንድ ጥፍር ተገኘ። በዓመቱ አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሄንሪ ኦዝቦርን ቬሎሲራፕተር ብሎ ሲሰይመው፣ ያን ታላቅ ሊቅ እንኳ ጥፍሩ የእጅ መስሎት ነበር። ሌላው ተመራማሪ ጆን ኦስትሮም በአሜሪካ ሞንታና እ.ኤ.አ. በ1964 ያገኘውን የቅርብ ዘመዱን ዳይኖኒከስን በ1969 ሲገልጽ፣ እንዲህ ያለው ማጭድ የእግር ሁለተኛ ጣት ጥፍር መሆኑን የተሟላው እግር አሳየ። ቬሎሲራፕተር ላባ እንደነበረውም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 በክንዱ አጥንት ላይ የላባ መትከያ እብጠቶች ሲታዩ ነው። አስተውሉ፤ ስህተቱን ያረመው አብረው የተገኙት አጥንቶች ናቸው።

ስለዚህ አጥንት የሚመስል ነገር ስታዩ አትንቀሉት። መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ አጠገቡ አኑራችሁ ፎቶ አንሱ፣ የወጣበትን የአለት ንብርብር ጻፉ፣ ከዚያም ለቅርስ ባለሙያ አሳውቁ። እኔ በወጣትነቴ ከባቲ በታች ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ያገኘሁትን የጥርስ ስባሪ ኪሴ ከትቼ፣ ቦታውን ሳልጽፍ ተመለስኩ። ከየትኛው ንብርብር እንደወደቀ ዛሬም መናገር አልችልም፤ ይህ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

የዳይኖሰር ጥርሶች በአገራችን የተገኙት በዓባይ ሸለቆ አካባቢ ካሉት የጥንት ደለል አለቶች ነውና፣ ያ ተማሪ ወደፊት ወደዚያ እንዲሄድ መክሬዋለሁ። ድንጋዩንም መለስኩለት፤ እርሱም ከመውጣቱ በፊት ያገኘበትን ቦታና ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አብሮ ጠቀለለው።