አባዱላ ውስጥ ለመኖር፦ ከመደርደሪያው በፊት የሚፈታውን እወቁ

እህቴ፣ አባዱላ (የቶዮታ ሚኒባስ) ገዝታችሁ ወንበሮቹን አውጥታችሁ አልጋና ማብሰያ ልትገጥሙ እንደሆነ፣ ከባለቤትሽ ጋር ለቅየሳ ሥራ ጎንደርን መነሻ አድርጋችሁ ወደ ደባርቅም ወደ መተማም እየተመላለሳችሁ ልትኖሩበት እንደሆነ ጽፈሻል። ጥያቄሽ ሁለት ነበር፤ ዕቃውን እንዴት እናደራጅ፣ መኪናው ሲበላሽስ ምን እናድርግ። እኔ አንድ አድርጌ ነው የምመልስልሽ። ጋራዥ ገብታችሁ በግማሽ ቀን መውጣታችሁን ወይም አራት ቀን መቆማችሁን የሚወስነው ቁም ሣጥኑ የተሠራበት ቦታ ነውና። ስለ ፍራሽና ስለ መጋረጃ ሌሎች ነግረውሻል፤ አልደግመውም።

1. አናጺ ከመጥራታችሁ በፊት ሜካኒክ ጥሩ። ባዶው መኪና ውስጥ አስገቡትና «ምን ምን ትከፍታለህ? ከየት ትገባለህ?» በሉት። የሚያሳያችሁን ሁሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክበቡት። የአባዱላ ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮች ስር ነው፤ ሜካኒኩ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገልብጦ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ለመደርደሪያ የተተወ ቢመስልም ወንበሩ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ምንም አይገጠምበት። የስኮርት (የመጠባበቂያ) ጎማው ደግሞ ከኋላ ከወለሉ ስር ተንጠልጥሏል፤ የማውረጃው ቀዳዳ በአልጋው እግር ከተደፈነ ጎማ በፈነዳ ሌሊት አልጋ ስታፈርሱ ታድራላችሁ። ክሪኩና የጎማ ቁልፉም በሩ እንደተከፈተ እጅ በሚደርስበት ይሁኑ።

2. አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ከመኪናው አካል ጋር አታስበይዱ። ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይኸው ነው፤ እኔንም ያስወጣኝ። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ተቆርጦ ወለሉ ላይ ሲበየድ ጠንካራ ይመስላል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ቶሎም ያልቃል። ከዚያ አንድ ካንዴሌታ (ናፍጣ ሞተርን ለማስነሳት የሚያሞቀው) ወይም አንድ የናፍጣ ቱቦ ሊቀየር ሲሆን ወንበሩ አልገለበጥ ይላል፤ ሜካኒኩ ግራይንደር አንስቶ ቁም ሣጥናችሁን ይቆርጣል፤ የ«ፈታ ገጠመው» ሂሳብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ብየዳው ራሱ ሌላ መዘዝ አለው። መኪና ላይ በኤሌክትሪክ ከመበየዱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መነቀል አለበት፤ ሶላር ከተገጠመም መቆጣጠሪያው ይለያይ። የብየዳ ማሽኑ የመሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ ይያዝ። ይህ ካልተደረገ የብየዳው ኃይል በመኪናው ሽቦ በኩል መንገድ ፈልጎ ይሄዳል፤ የዲናሞውን ዳዮድ፣ በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ኮምፒዩተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። የእኔን የበየዱት ሰዎች ገመድ አልነቀሉም፤ ዲናሞው ሲሞት «ድሮም ታሞ ነበር» አሉኝ። ገመዱ መነቀሉን በዓይናችሁ ሳታዩ ማሽኑ አይነሳ። የሚቆጣ ይቆጣ።

የሚያዋጣው እንዲህ ነው፦ የአልጋውን ቱቦላሬ ከመኪናው ውጭ አስበይዱ፤ ከዚያ ድሮ የተሳፋሪ ወንበሮች በታሰሩባቸው ቀዳዳዎች በቡሎንና በሮንዴላ እሰሩት። እነዚያ ቀዳዳዎች ወንበርን ከነሰው እንዲይዙ የተሠሩ ስለሆኑ አልጋ አይከብዳቸውም። ቡሎኖቹ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሁኑ፤ በአንድ ቁልፍ 20 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ከተፈታ ሥራው ተሳክቷል። አዲስ ቀዳዳ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ከስር ተኝታችሁ እዩ፤ የናፍጣና የፍሬን ቱቦዎች በዚያ ያልፋሉ። የተበሳውን ጠርዝ አንቲረስት ቀቡት፣ ከዚያ በሲሊኮን ድፈኑት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ክረምት ወለሉን ያዝገዋል።

3. ክብደት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ከያዛችሁ 60 ኪሎ። ከኋላ በር አጠገብ ማስቀመጥ ለመቅዳት ይመቻል፣ ግን ከኋላ ጎማ ጀርባ የተጫነ ነገር ሁሉ የመኪናውን አፍንጫ ያነሳል፤ መሪው ይቀላል፣ ባሌስትራው ይቀመጣል። ውሃው ከኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ይሁን፤ ባትሪው በግራ ከሆነ ውሃው በቀኝ። አንድ ትልቅ ታንከር አትግጠሙ። ግማሽ ሲሆን በየጥምዝምዙ እየተንቦጫረቀ መኪናውን ይገፋዋል። ጀሪካን ግን አንድ በአንድ ያልቃል፣ ጎንደር ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ተሸክማችሁ ሄዳችሁ ትቀዱበታላችሁ። የመጠጡን በቀይ ናስትሮ ለዩት። ፖርቶ መጋላው ላይ ሸራ፣ ባዶ ጀሪካንና ሶላር ብቻ ይውጣ።

እንጨቱን በተመለከተ ቺፕውድ ርካሽ ነው ብለው ያግባቧችኋል። ንዝረት ብሎኑን ያላቅቀዋል፣ እርጥበት ያሳብጠዋል፣ ክብደቱም አይጣል ነው። 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይበቃል፤ ሙሉው ጣውላ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የ18 ሚሊው ግን 30 ያልፋል። መሳቢያ አታብዙ። ክዳን ያላቸው ፕላስቲክ ሣጥኖች ቅዳሜ ገበያ ገዝታችሁ መደርደሪያውን በእነሱ ልክ አሠሩ እንጂ መደርደሪያ አሠርታችሁ ሣጥን ፍለጋ አትውጡ። በርበሬና ሽሮ ጥብቅ ክዳን ባለው ባልዲ ይግባ፤ አንዴ ከተደፋ ከሚንቀጠቀጥ መኪና ወለል ስር በርበሬ የሚያወጣ ሰው የለም። ኮረኮንች መንገድ ላይ አቧራ የሚገባው ከኋላ በር ነው። የኋላ መስኮት ሲከፈት አየሩ ከውስጥ እየተሳበ አቧራውን በበሩ ክፍተት ይጎትተዋል፤ የኋላውን ዘግታችሁ የፊቱን የአየር ማስገቢያ ቬንትሌተር ክፈቱት፣ የበሩን ላስቲክም ከተሰነጠቀ ቀይሩት።

አራተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ብዙ ሰው ፍሪጁን የሚረግመው እዚህ ላይ ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ያም 600 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። 45 ዋት የሚበላ ፍሪጅ ሞተሩ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ እንኳ በ24 ሰዓት 540 ይበላል። ስለዚህ 200 ዋት ሶላር በበጋ ይበቃችኋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ስለሚያሸንፍ ከዲናሞው በሪሌይ (ሞተሩ ሲነሳ ብቻ በሚያገናኝ ማብሪያ) የሚሞላ መስመር ያስፈልጋችኋል። ሽቦውን አትቆጥቡ። ባትሪው ከፍሪጁ 4 ሜትር ቢርቅ፣ መስመሩም 15 አምፒር ቢሸከም፣ በ2.5 ሚሊ ሽቦ ላይ ከ0.8 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ፍሪጁ «ባትሪ አልቋል» ብሎ ይጠፋል። በ6 ሚሊ ሽቦ የሚጠፋው ወደ 0.35 ይወርዳል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። ፍሪጁ አጠገብ የተገጠመ ፊውዝ በመንገድ ላይ ያለውን ሽቦ አያድንም፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ የሚነደው እናንተ የተኛችሁበት ነው። ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ሙቀቱ የሊድ ባትሪን ውሃ ያተናል፤ ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ እያያችሁ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩበት።

ሙቀት ካነሳሁ፦ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ከ2,800 ትበልጣለች። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ጎንደር በ93፣ ደባርቅ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚህ በላይ እንዲታገስ የሚያደርገው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ዳገቱ ላይ ይፈላባችኋል፣ ሜካኒክ ደግሞ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊያወርድ ይነሳል። ቴስታታ ከማስወረዳችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን ከወረዳችሁ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትቀመጡ። አሮጌ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት።

በመኪናው ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖረው የጥገና ሣጥን ይህን ይያዝ፦ ቁልፍ ቁጥር 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የዲናሞ ቺንጋ አንድ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ሁለት፣ ፊውዝ ከ10 እስከ 30 አምፒር፣ የራዲያተር ቱቦ ከነማጥበቂያው፣ ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይት። ፊልትሮ ሁለት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውሃ ይዞ ይመጣል። የፊልትሮው መብራት ከበራ ከስሩ ያለውን ማፍሰሻ አላልታችሁ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫናችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ አፍስሱ፤ ዘግታችሁ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ ደግማችሁ ጫኑ፣ ከዚያ አስነሱ። ሞተራችሁ 3ኤል ወይም 5ኤል ከሆነና ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በወረቀት ካላሳየ፣ ከመወጠሪያው ኩሽኔታ ጋር አሁኑኑ ቀይሩት። የሚሠራው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ጋራዥ ስትገቡ የት እንደር ላልሽው፦ አንድ ሣጥን ለዚያ ቀን ብቻ ይኑር። ብርድ ልብስ፣ ሊብሬ፣ ልብስ፣ ኮምፒዩተሩ፤ የቅየሳ መሣሪያው ደግሞ በራሱ ሣጥን። ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለቱ ይወርዳሉ፣ የጋዝ ሲሊንደሩም ይወርዳል። የውስጡን ፎቶ አንሱ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሱልን በሉ።

ለቦሎ፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የወንበር ብዛትና መኪናው ውስጥ ያለው ካልተስማሙ ትመለሳላችሁ። ወንበሩን ከማውጣታችሁ በፊት በጽሑፍ አመልክቱ፣ ማመልከቻውም ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው። «ይህ ቤት ነው ወይስ መኪና?» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም፤ እኔን ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል፣ አፉን የዘጋልኝ ያ ቁጥር ነው። የእሳት ማጥፊያው፣ ሦስት ማዕዘኑና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ በሩ አጠገብ ይታዩ።

አንድ የቀረኝ፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። የደባርቅ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የቡና ከሰሉን «ትንሽ ያሙቀን» ብላችሁ በተዘጋ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት። የከሰል ጢስ ባይታይም ይገድላል። ቡናው በሩ ተከፍቶ ይፈላ፣ ከሰሉ ውጭ ይደር። ቡታጋዙም ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደሩ የሚቆምበት ሣጥን ወደ መኝታው በኩል የታሸገ፣ ወለሉ ላይ ግን ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ካበጠ አትለኩሱ፣ ላስቲኳን ቀይሩ።