ከባንኮኒው ሥር ያለችው ሳጥን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ቢላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያሉኝን ስድስቱንም በስልክ አይቼ ነው ያስመጣኋቸው። ሱቅ ለሱቅ መዞር ምን ይጨምርልኛል? ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ለሰብሳቢ የሚሆን የቢላ ሱቅ አለ እንዴ?» ነው ያልከው። አጭሩ መልስ አለ ነው። ረጅሙን ቡናህን ይዘህ አንብበው። እኔ እዚህ ነገር ውስጥ ከገባሁ 11 ዓመት አልፎኛል፤ ስለ ቢላ የሚጠይቀኝ ሰው ደግሞ ብዙ የለም።

ለሰብሳቢ ተብሎ የተከፈተ ሱቅ አትፈልግ። መስታወት ውስጥ ተደርድሮ፣ መብራት በርቶለት የሚጠብቅህ ነገር እኔ አላጋጠመኝም። የኔ አገር መርካቶ ነው፤ ምናለሽ ተራና አካባቢው። ከመንገዱ ሳትታጠፍ ገና የመዶሻው ድምፅ ይሰማሃል። በርሜል ምድጃ የሚሆንበት፣ ቆርቆሮ ባልዲ የሚሆንበት ሰፈር ነው። ባለ ሱቆቹ የሚሸጡት ለሥጋ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለጓዳና ለገበሬ ነው። ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ገጀራውና የሽንኩርት ቢላው አንድ ላይ ተሰቅሎ ታገኘዋለህ። ሰብሳቢ የሚባል ፍጡር መኖሩን አያውቁም። ለኔ ደስታው ግማሹ እሱ ነው። ለአንተ ብሎ ያዘጋጀው ሰው ስለሌለ፣ ያገኘኸውን ራስህ ነህ ያገኘኸው።

የኔ ሱቅ የምላት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት የምትሞላ ናት። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ያንን ያውርዱልኝ፣ ይሄን ያሳዩኝ ስል ቆይቼ ሦስት ቢላ መረጥኩ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ሥጋ ቤት ከፈትክ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ የለም ጋሼ።»

«ታዲያ ሆቴል?»

«አይ፣ እሰበስባለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሰብስበህስ?»

ይኸው እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ደህና መልስ አላገኘሁም። ያን ቀን «አያቸዋለሁ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ከመረጥኳቸው ሦስት ሁለቱን መልሰው ሰቀሉና፣ «እነዚህ ሽንኩርት ይቆርጣሉ እንጂ ለማየት አይሆኑም» ብለው ሌላ አወረዱልኝ። ሊሸጡልኝ ከሚችሉት ላይ ቀነሱ ማለት ነው። ስልክህ ላይ እንዲህ የሚልህ የለም።

እኔም አንድ ሰሞን እንዳንተ በፎቶ እገዛ ነበር። አንጀት የሚያርስ ሰንጢ አይቼ አዘዝኩ። መጣ። መልኩ እንደ ፎቶው ነው። ስከፍተው ግን ብረቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ስዘጋው ጫፉ ከእጀታው ውጭ ይቀራል። ሁለት ሱሪ ኪስ ቀዶብኛል። ሻጩም ስልክ ማንሳት አቆመ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ቢላ ላይ ግን እጅም ካልመሰከረ ፍርዱ አይጸናም።

እጅህ ምን እንደሚጠይቅ ጋሼ ያሳዩኝን ላሳይህ። ቢላውን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየው፤ የጠመመው ወዲያው ይታወቃል። ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ ብርሃን ላይ አዙረው። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካየህ እዚያ ጋ ደንዟል ወይም ተሸርፏል፤ በደንብ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። ብረቱን በጥፍርህ መታ አድርገው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰማህ ስንጥቅ ፈልግ ወይም እጀታው ላልቷል። ከዚያ እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበት ላይ አንድ ጣትህን አድርገህ አመዛዝነው። ይሄን ሁሉ ስታደርግ ቀስ በል። ባለ ሱቁም ያይሃል። ቢላ እንዴት እንደምትይዝ አይቶ ነው ቀጥሎ ምን እንደሚያወርድልህ የሚወስነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ባሌስትራ፣ የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት። እዚያ ሰፈር ተቀጥቅጠው ከሚወጡት ቢላዎች ደህና ደህናዎቹ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተሠሩ ናቸው። ምክንያት አለው። የባሌስትራ ብረት ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ ስለዚህ ሲግልና በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የግንባታው ብረት ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቀጥቅጠህ ቢላ ብታስመስለውም አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሳትጨርስ ይደነዝዛል። ጋሼ አንድ ቀን የሱቁን ልጅ አስከትለው ከጀርባ ወዳለው ቀጥቃጭ ላኩኝ። ግማሽ ቀን ቆሜ አየሁ። ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ይግላል፣ ይቀጠቀጣል፣ ቅርፅ ይይዛል። ከዚያ እንደገና ይግላል። ወጣቱ ቀጥቃጭ ከተሰበረ ስፒከር ያወጣት ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሏል። የጋለውን ብረት ያስጠጋታል። ማግኔቷ መሳብ ስታቆም ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ቀጥቃጩ ቁጥሩን አያውቀውም፤ ነገሩን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ያግለውና የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ጭሱ ያስነጥስሃል።

እዚያ ላይ አያበቃም። ከዘይት የወጣው ብረት እንደ ብርጭቆ ነው፤ ከእጅህ ቢያመልጥ ይሰበራል። ስለዚህ ጎኑን በአሸዋ ወረቀት አጥርቶ በቀስታ እንደገና ያሞቀዋል። ዓይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም። መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ ይመጣል። እዚያ ላይ ከእሳት ያወጣዋል። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ስለቱ ለስልሷል፤ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ። ያን ቀን የተሠራውን ቢላ ገዛሁት። ኤንትሬ ከሚባለው የጭነት መኪና ባሌስትራ የወጣ ነው። ዛሬም ከቤቴ ቢላዎች ሁሉ ስለቱን የሚያቆየው እሱ ነው። ዝገት ግን ይወዳል፤ ከታጠበ ወዲያው ካልደረቀ በማግስቱ ቡናማ ነው። ከማይዝግ ብረት እንዳልተሠራ አትርሳ፤ የማይዝገው ቢያንስ ከመቶ 10.5 ክሮሚየም አለው፣ ባሌስትራ ያን አያውቅም።

ለምን ሱቅ ሂድ እንደምልህ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። የውጭ ቢላ ማን እንደሠራው ራሱ ይናገራል። ስሙ፣ ከተማው፣ አንዳንዴም ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተመትቷል። የኛ ቢላ ዝም ያለ ነው። ቀጥቃጩ ስሙን አይመታበትም። ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ሳስብ ብረት መሥራት በአገራችን ለስንት ዘመን መሰደቢያ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ማረሻና ቢላ እየሠሩ ለጎረቤት ያቀርቡ ነበር፤ ምስጋናው ቡዳ መባል ነበር። ስም የሚያሰድብ ከሆነ ማን ብረት ላይ ይጽፈዋል? ስለዚህ የኛን ቢላ ማን ሠራው፣ ከምን ሠራው፣ መቼ ሠራው የሚለውን የምታገኘው ከባለ ሱቁ አፍ ብቻ ነው። እኔ ደብተር አለኝ። ቢላ በገዛሁ ቁጥር ቀኑን፣ ሠሪውን፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ እጽፋለሁ። ያለ ደብተሩ የኔ ስብስብ የብረት ክምር ነው።

ሳጥኗን ረስቼ! ጋሼ በአራተኛው ጉብኝቴ ነው ከባንኮኒው ሥር የጎተቷት። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ ገዝተው የሚያመጡት ነገር ይጠራቀምባታል። የዛገ ሹካ፣ እጀታ የሌለው መቀስ፣ የተሰበረ ሞረድ። «አንተ ማየት ትወድ የለ፣ እይ እንግዲህ» አሉኝ። ድፍን ሁለት ሰዓት መሬት ተቀምጬ በረበርኩ። ከታች እጀታዋ እንጨት የሆነች፣ በዝገት የተጣበቀች ሰንጢ አገኘሁ። በዘይት አርሰን አላቀቅናት። ብረቷ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ ተመትታለች፤ ከጎኗ 8 ቁጥር አለ። ኦፒኔል! ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳቯ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር የሠራት ሰንጢ ናት። የልቤ ምት የጨመረው ግን በሌላ ነገር ነው። ብረቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የላትም። ኦፒኔል ያንን ቀለበት የጨመረው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራች ከሆነች የ70 ዓመት አሮጊት ናት ማለት ነው! በጉጉት ለጋሼ ነገርኳቸው። ሰንጢዋን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ወይም አንዱ ልጅ ቀለበቷን አውልቆ ጣቱ ላይ አድርጓታል» አሉ። አሁንም ባየኋት ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ደብተሬ ላይ ዕድሜዋን በእርሳስ ነው የጻፍኩት።

ከዚያችው ሳጥን ተሸውጄም አውቃለሁ። «ሶሊንገን» የሚል ማኅተም ያለው የሥጋ ቢላ አየሁና ዘልዬ ገዛሁ። ሶሊንገን የጀርመን የቢላ ከተማ ነው፤ ስሙን ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ቢላ ላይ መምታት አይፈቀድም። ቤት ወስጄ ስወለውለው ከላቲኑ ፊደል አንዷ ጎድላለች። ፎርጅድ ነው። ጋሼ ፊደሉን ስለማያነቡት አልፈረድኩባቸውም። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ፎርጅድ ቢላ ክፉ አይደለም፤ ባለቤቴ ጎመን የምትከትፈው በሱ ነው።

ስለ ጊዜው። በዓል ሲደርስ አትሂድ። ለፋሲካና ለገና ዋዜማ ቅርጫ የሚገባው ሁሉ ቢላ ሊገዛና ሊያስሞርድ ይጎርፋል፤ ጋሼ ሰላምታ እንኳ አይመልሱም። ሁዳዴ ሲገባ ሂድ። ሥጋ ቤቶቹ ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ሱቁ ጭር ይላል፣ ወሬ ይኖራል። እኔ ደህና ደህናዎቹን ያገኘሁት በጾም ነው።

ከአዲስ አበባ መውጣት ከቻልክ ደግሞ ሰኞን ባቲ ዋል። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ገበያ ነው። የአፋር ጊሌን በወጉ ያየሁት እዚያ ነው፤ ቆልመም ያለ፣ በሁለቱም በኩል ስለት ያለው፣ ወገብ ላይ ከነአፎቱ የሚታጠቁት። እኔ ጅል፣ አንድ ሽማግሌ የታጠቁትን «ይሸጡልኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገቤ የነበረው ነጋዴ ጎሸም አደረገኝና «የታጠቀውን አይጠይቁም፤ የተሰቀለውን ነው» አለኝ። አፈርኩ። ከተሰቀሉት አንዱን ገዝቼ ተመለስኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቢላ ይዘህ ከተማ ውስጥ አትዙር፤ ቀጥታ ቤትህ ግባ። እኔ አራት ቢላ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ብር ላወጣ አንድ ባንክ በር ላይ ደረስኩ። ፈታሿ ፌስታሉን ዳበሰችው።

«ምንድነው?»

«ቢላ።»

«ስንት?»

«አራት።»

አንድ ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢ ነኝ ባልኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ ጋሼ ጋ ተደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «አዎ አውቀዋለሁ፣ ደንበኛዬ ነው። ትንሽ ነካ ያደርገዋል እንጂ ሰላማዊ ነው» አሉ። ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ሳልይዝ አልወጣም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሂድ። ምናለሽ ተራ ስትደርስ ባሌስትራ የሚቀጠቅጡት የት ናቸው ብለህ ጠይቅ፤ ሱቆቹ ከነሱ አይርቁም። መጀመሪያ ቀን አንድ ብቻ ግዛ፣ ብዙ ጠይቅ። ስለ ሳጥን አታንሳ፤ ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ያወጡልሃል። ምናልባት የኔው ጋሼ ጋ ከደረስክ፣ ዕቃ ሲያስሩ ሲባጎ የሚቆርጡባትን ጥቁር ቀንድ እጀታ ያላት ካራ ታያለህ። ስለቷ በመሳል ብዛት እንደ ቅጠል ቀጥናለች። የባቲውን ነጋዴ ምክር ሰምቼ 9 ዓመት አልጠየቅኳቸውም ነበር። አምና አላስችል አለኝና ጠየቅኳቸው። «እኔ ሥራ ሳቆም» አሉኝ። አንተ እንዳትጠይቃቸው። ወረፋ ይዣለሁ።