የሃምፕደን ሩም ኮላ ኮላ ለሸተታቸው ጠያቂ

ጥያቄዎን አነበብኩ። የ8 ዓመቱን ሃምፕደን፣ ማለትም የጃማይካውን ሩም፣ ከፍተው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስለሸተተዎ ሐሰተኛ ይሆን ወይ፣ ለወዳጆችዎስ ምን ብዬ ልገምግመው ብለዋል። ሐሰተኛም የተበላሸም አይደለም።

አንደኛ፦ ጠርሙሱን ለሻጩ እንዳይመልሱ። እኔ አዲስ አበባ ለዘጠኝ ዓመታት ቡና ቀማሽ ነበርኩ፤ በሙያችን የመብላላት ጠረን የበዛበት ሲኒ ጉድለት አለበት ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ያንኑ አፍንጫ ይዤ አሜሪካ መጣሁና 60 በመቶ አልኮል ያለውን ሃምፕደን ሰባ ዶላር ገደማ አውጥቼ ገዛሁ። ልክ እንደ ቡናው አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ ሰድጄ ብስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የማጣበቂያ ኮላና የበሰበሰ ሙዝ ሸተተኝ። በማግስቱ ወደ መደብሩ ስመልሰው ሻጩ በሰው ፊት «ለመሆኑ ከዚህ በፊት ሩም ቀምሰህ ታውቃለህ?» አለኝ። የዘጠኝ ዓመት ቀማሽ እንዲህ ሲባል! ተናድጄ ጠርሙሱን ጃማይካዊ ለሆኑት ጎረቤቴ ሰጠኋቸው፤ በዚያው ምሽት «የተበላሸ ምርት» የሚል ግምገማም ጻፍኩ።

ያ ጠረን ግን በብልሃትና በድካም የሚገኝ ነው። በጃማይካ ትሬላውኒ አውራጃ በሚገኘው የሃምፕደን ሩም ፋብሪካ ጥንስሱ የአካባቢው እርሾ ብቻ እየሠራበት ለሳምንታት ይብላላል፤ ካለፈው መጥመቅ የተረፈው፣ እኛ አተላ የምንለው ዓይነት፣ ተመልሶ ይገባበታል፤ በባክቴሪያ የተፈጠረው አሲድ ከአልኮሉ ጋር ሲዋሐድ ኤስተር የሚባል ጠረን ሰጪ ውህድ ይሆናል። ከኤስተሮቹ አንዱ ኮላ ይሸታል፣ ሌሎቹ ሙዝና አናናስ። በጃማይካ የኤስተሩ መጠን በአንድ ሄክቶ ሊትር (100 ሊትር) ንጹሕ አልኮል እስከ 1600 ግራም ሊደርስ ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበር ቆጮ ያየ ሰው በዚህ ሊደነቅ አይገባም ነበር፤ እኔ ግን ተደነቅሁ።

ሁለተኛ፦ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። 43 በመቶ አልኮል ባለው በሌላው የጃማይካ ሩም፣ በአፕልተን 12 ዓመት ይጀምሩ፣ ሃምፕደንን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ስለቀመስኩ አፕልተንን «ሕይወት የሌለው» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ እስካሁን የማፍርበት እሱ ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ይቅዱና ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ኮላው እየተነነ ይሄዳል። ባለ 60 በመቶ ከሆነ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨምሩበት ወደ 50 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ የፍራፍሬው ጠረንም ያን ጊዜ ብቅ ይላል።

ሦስተኛ፦ ዕድሜውን ሲጽፉ ይጠንቀቁ። በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ከተቀላቀሉት ሁሉ የትንሹ ዕድሜ ነው። በጃማይካ ሙቀት በርሜሉ በየዓመቱ 6 በመቶ ገደማ በትነት ያጣል፤ በ12 ዓመት ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ በስኮትላንድ ግን ብክነቱ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ሩሙን ቶሎ ስለሚያበስለው «ገና 8 ዓመቱ ነው» ብሎ ማጣጣል ከቁጥሩ በቀር ሌላ ነገር አለማየት ነው። ጣፋጭ ቢመስልዎም «ስኳር ጨምረውበታል» ብለው አይጻፉ፤ የጃማይካ ሩም የተመዘገበበት ደንብ ስኳር መጨመርን ይከለክላል።

አራተኛው ምክሬ ስለ ቃላት ነው፤ እሱም ወደ ጎረቤቴ ይመልሰኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋብዘውኝ፣ ቀድተው ያቆዩትን ሩም ሰጡኝ። ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ አሸተትኩና «ይህማ ከነገለፈቱ የደረቀ የሐረር ቡና ነው» አልኩ። ያ እኔ ያወገዝኩት ጠርሙስ ነበር። እስከዚያ ቀን የምጽፈው የፈረንጅ ገምጋሚዎችን እየተከተልኩ «የገና ኬክ» ምናምን ነበር፤ ኬኩን ግን በልቼው አላውቅም። እርስዎም ለወዳጆችዎ ሲጽፉ ብርዝ ከሸተተዎ ብርዝ ይበሉ፣ ቴምር ከሆነም ቴምር። በመጀመሪያው ምሽት ነጥብ አይስጡ፤ ቢያንስ ሦስት ምሽት ይቅመሱት፤ ባዶውን ብርጭቆም ሳያጥቡ አሳድረው ጠዋት ያሽትቱት፤ የበርሜሉ እንጨት ጎልቶ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

የድሮውን ግምገማዬን አርሜዋለሁ። ጠርሙሱን ግን ጎረቤቴ አልመለሱልኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አላገኘሁም።